በውሃ የተሞከረው ቧንቧ

ከልጄ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆንን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። «ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ብያታለሁ፣ ያውም በጓደኞቿ ፊት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አርባ ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰውም ቢሆን አያፍሰውም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ፣ «ልጅህ ለኤግዚቢሽኗ ቧንቧ የሚገጥም ሰው ትፈልጋለች» አለችኝ። «እሱ ካልተመቸው ሌላ ሰው ይላክልኝ ብላለች።»

ሌላ ሰው! መፍቻዬን አንስቼ ራሴ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ የጀመረችውን ነገር ሳይ ሳቄን በግድ ዋጥኩት። የእንጨት ኳስ በቧንቧ ውስጥ ተንከባሎ ይወጣና የተደረደሩ መጻሕፍት ይገፋል፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ሲወድቅ ማንቆርቆሪያ ይገለብጣል፤ ውሃው ቆርቆሮ ይሞላል፤ ቆርቆሮው ሲከብድ ገመድ ይስባል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ብሩሽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«በእጅሽ አታሰምሪውም?» አልኳት።

«በእጄማ ከሆነ ብቻዬን ነኝ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ «ያዢ»፣ «ልቀቂ»፣ «አቀብይኝ» ብቻ ሆነ ወሬያችን። ለኔ እሱም ብርቅ ነበር። ሥራውን ካሳመርኩላት እንደ ድሮው ቤት ብቅ ትላለች ብዬ፣ እንደዚያ የተጠነቀቅኩለት ቧንቧ የለም። በሦስተኛው ቀን እሷ ወረቀት ልታመጣ ስትወጣ አንድ ባልዲ ውሃ ለቀቅኩበት። አንዱም መገጣጠሚያ ጠብ አላደረገም።

«ሞከርከው?» አለችኝ ስትመለስ።

«ሞክሬዋለሁ። እንከን የለውም።»

አመነችኝ።

በማግስቱ አዳራሹ በእንግዳ ጢም ብሎ ሞላ። ልጄ ኳሱን ከላይ ለቀቀችው። ገባ። አልወጣም።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ለካ ለፍሳሽ የሚበቃውን ተዳፋት ሰጥቼ፣ በውሃ ሞክሬ ነው የሄድኩት! ኳሱን አንዴ እንኳ አልለቀቅኩትም። በዚያ ላይ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

ልጄ ጎንበስ ብላ በቧንቧው አፍ ወደ ውስጥ አየች። በኋላ በር ሹልክ ማለት ይቻል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እግሬም ጀምሮ ነበር። ግን ሁለተኛ በሰው ፊት አዋርጃት የት ልገባ ነው?

ወደ ፊት ወጣሁ። የተዘጋ መስመር ስፈልግ እንደማደርገው ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጥፌ ቀስ እያልኩ አንኳኳሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ድምፁ ድፍን አለ።

«እዚህ ነው ያለው» ስል ሰዉ ሳቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ምንም አላጠፋችም» አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ መታሁት።

ኳሱ ሲንከባለል ተሰማ። መጻሕፍቱ ወደቁ፣ ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ፣ ብሩሹም መስመሩን አሰመረ። ጠማማ መስመር ነው። ጭብጨባው ግን አዳራሹን አናወጠው።

እንግዳው ሲወጣ መፍቻዬን አነሳሁ። «ኤግዚቢሽኑ ገና ሁለት ሳምንት ይታይ የለም? ቧንቧውን ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

እጄን ያዘችኝ።

«ተወው አባዬ። ከተስተካከለ ነገ አትመጣማ።»