የተዘቀዘቀው ጥለት

ሉሊት አዳማ ውስጥ የሀገር ልብስ ዲዛይነር ናት። ዲዛይነር ናት ሲባል እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ ሐሳቡን ከየት ታመጪዋለሽ ይላታል። እሷም መልስ አታጣም። ይሄኛው ጥለት የሶደሬ ፍል ውኃ ሲንፎለፎል ነው፣ ያኛው ደራ ገበያ ላይ ያየሁት የበርበሬ ስጥ ነው ትላለች። እውነቷንም ነበር፤ እስከ ጥቅምት ድረስ።

በጥቅምት የወንድሟ የሚኪያስ ባልንጀራ ሰብስቤ ሱቋ መጣ። ሁለቱም ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ሰብስቤ ኮፍያውን እያሻሸ፣ የሚኪያስ መኪና በረሃ ላይ ተገልብጦ መቃጠሉን፣ ከሬሳው የተረፈውንም እዚያው መቅበራቸውን ነገራት። ሽማግሌ ይዘን መርዶውን ለእናትሽ እናርዳ ቢላት እግሩ ላይ ወደቀች። እናቷ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙም ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሏል። ትንሽ ይጠንክሩልኝ አለችው። ያቺ ትንሽ ሰባት ወር ሆነች።

እናት የሚያውቁት ልጃቸው ጅቡቲ ጭነት ይዞት መቅረቱን ነው። ስልኩም ተበላሽቷል ተብለዋል። ቀን ቀን ሱቁ ጥግ ተቀምጠው የነጠላ ጫፍ እየቋጩ፣ ሲመጣ ያን የሚያመውን ጥርሱን እንደሚያስነቅሉት ያወራሉ። ሉሊት አንገቷን ደፍታ ትስላለች።

ግንቦት ላይ ጋዲሴ የምትባል ሙሽራ መጣች። ሉሊት ማንም ያላየውን ቀሚስ ሠራችላት። ነጠላው ከቀሚሱ ጋር አብሮ የተሰፋ፣ ጥለቱ አንገትን ዞሮ የሚያቅፍ፣ ታቹ ግን ባዶ ነጭ። ጋዲሴ ልጅ ናት፤ የሚያስተውል ትልቅ ሰውም አብሯት አልመጣም። መስታወቱ ፊት እየተሽከረከረች ከየት አመጣሽው ብትላት፣ ሉሊት አፏ ላይ የመጣላትን፣ ከአዋሽ ወንዝ አለቻት።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጫፉን እንዲቋጩት ለእናቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀሚሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጫፉን ታች ፈለጉት፤ አጡት። ሲስቡት ከነጥለቱ አንገት ጋ ተገኘ። እጃቸው ቆመ።

ነጠላ እንዲህ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። ይሄን ሉሊት ከልጅነቷ ታውቃለች። እጇ ግን ሰባት ወር ሙሉ ሌላ መሳል እምቢ ብሏት ኖሯል፤ እሷም ልብ አላለችውም።

እናት የንድፍ ደብተሯን አንስተው ገለጡ። በየገጹ ያለችው ሴት ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"መቼ ነው?" አሏት።

ሉሊት ምኑ ብላ አልጠየቀችም። "በጥቅምት፣ እማዬ።"

"እኔ እኮ ለፋሲካ ሸሚዝ ገዝቼለታለሁ።"

መቀሱን አንስተው የሙሽራዋን ነጠላ ይተረትሩ ጀመር። ሉሊት ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ በቀስታ ገፉት።

"የሰው ልጅ የኛን ሐዘን ለብሳ አትዳርም። ለሷ ጥለቱን ወደ ታች ገልብጪላት።"

ተርትረው ሲጨርሱ የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱና አዘቀዘቁት። ጥለቱን አንገታቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ።

"በይ ባልንጀራውን ሰብስቤን ጥሪልኝ" አሉ። "የት እንደተቀበረ ከአፉ ልስማ።"