የሎሳና ስም በአሥራ አንድ ሺህ መስመር ላይ

«ይህን መስመር የጻፈው ማነው?» አለች የቢሮው አለቃ ኡናይሲ።

ሎሳና የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፈተች። መዝገቡ የመርከብ ቲኬት በሚሸጠው ፕሮግራማቸው ውስጥ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው ያሳያል፤ በአሥራ አንድ ሺህ መስመር ላይ የሰፈረው የእሷ ስም ብቻ ነበር። ሥራ ከጀመረች ደግሞ ገና ሁለት ወሯ ነው።

ነገሩ የመጣው ከባዶ ቦታ ነው። ኮድ ሲጻፍ አንዳንዱ መስመር ከዳር ገባ ብሎ ይጀምራል። ከባልደረቦቿ ቶማሲ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ ነክቶ ያስገባዋል፤ ጂተን ደግሞ የባዶ ቦታውን ቁልፍ፣ ስፔሱን፣ አራት ጊዜ ይቀጠቅጣል። ፋይሉ የጋራ ስለሆነ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ሲመልስ ይውላል።

«ጂተን፣ የሚከፈልህ በምት ነው እንዴ?»

«ዝም በል፣ ኮኮናት እንኳ ሰው ካልላጠልህ የማትበላ ሰነፍ!»

ሎሳና ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ኮድ በሠላሳ አራት ዓመቷ የተማረች ሴት ናት። የሦስት ወር ሙከራዋን ካላለፈች ሥራው የለም። ጭቅጭቅ አትወድም። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ምሳ ሲወጡ «እግዜር ይገላግለን» ብላ ፋይሉን በሙሉ ወደ ስፔስ ለወጠችው። የነካችው ባዶውን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ግን እንዲሁ ሲታይ ባዶ የነካንና ቃል የጻፈን አይለይም።

አርብ ጠዋት ፕሮግራሙ ወደ ሌቩካ ለምትሄደው ዘጠና ወንበር ላላት መርከብ ሁለት መቶ ቲኬት ሸጦ ተገኘ። መነሻዋ የሱቫ ወደብ ምንጣፍ በጠቀለለና ዶሮ በታቀፈ ሕዝብ ተጨናነቀ። መሳፈሪያ ያጣው ሁሉ የኡናይሲን ዘር ማንዘር እያነሳ ይራገማል።

«ቲኬቱን ያለ ልክ የሚሸጠው መስመር ላይ ስምሽ ነው ያለው፣ ሎሳና። ሰኞ እንዳትመጪ።»

«ማዳም፣ እኔ የነካሁት ባዶ ቦታውን ብቻ…»

«ባዶ ቦታማ ቢኖር ሰዉ ይሳፈር ነበር!»

ቶማሲና ጂተን ጣሪያውን እንደ አዲስ ያጠኑት ጀመር። ሎሳና ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ አስተማሪዋ ያሳያት አንድ ትእዛዝ ትዝ አላት፤ መዝገቡን «ባዶውን ተወውና ቃሉን የጻፈውን ንገረኝ» የሚል ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣ ጻፈችው። የወጣውን ስም አይታ ወደ ኡናይሲ ቀና አለች።

«ማን ይላል?» አለች ኡናይሲ።

«እርስዎ ነዎት፣ ማዳም። ከስድስት ዓመት በፊት።»

ጂተንን ሻዩ ትን አለው። ኡናይሲ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ መልሳ አደረገችና ደግማ አነበበች።

«አንቺን ካባረርኩ እኔም ቦርሳዬን ላንሳ ነው» አለች በመጨረሻ። «መስመሩን አስተካክዪና ሥራሽን ቀጥይ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም በታብ! ባዶ ቦታ የሚነካ ጣቱን እቆርጥለታለሁ።»

«በታብማ አልሠራም» አለ ጂተን።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ሎሳና ሥራዋ ላይ ቀረች። ጂተን ግን እንዳለው አደረገ፤ በወሩ ሥራውን ለቆ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ገባ።