ወራሿም እኔ፣ ቆራጯም እኔ

የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህሯ ሔለን ወደ ግራና መጥታ እኛ ቤት የገባችው በጦርነቱ ወልድያ የተያዘች ሰሞን ነው፤ እግሯ ተልጦ፣ በነጠላ ጫማ። "በመርሳ በኩል ደሴ እገባለሁ ብዬ መንገዱ ተዘጋብኝ" አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ጁነይድ ከጎረምሶቹ ጋር ወደ ደሴ ሸሽቶ ብቻዬን ነበርኩ። "ግቢ፣ የአላህ እንግዳ" አልኳት።

መብራት የለ፣ ስልክ የለ። ቀን ቀን በቆሎ ስንፈለፍል ታሪክ ታወራልኛለች፤ ማስተማር ለምዶባት አፏ አያርፍም። አንድ ቀን ሌዲ ኦገስታ ስለምትባል የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ነገረችኝ። አባቷ ባሕር ማዶ፣ ደሴት ላይ፣ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ነበረው። ሲሞት ሁሉም ለእሷ ሆነ፤ ደሴቱን ግን በዓይኗም አላየችው። ስታገባ ሀብቷ በሕጉ የባሏ ሆነ፤ እሱም በቁማር ጨረሰው።

"ምስኪን!" አልኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። "ቆይ፣ ሸንኮራውን ማን ይቆርጥ ነበር?"

"ባሪያዎች ናቸዋ፣ እትዬ ረሂማ። ከአፍሪካ ተሸጠው የሄዱ። ነፃ ሲወጡ እንኳ ካሳው የተከፈለው ለጌቶቹ ነው።"

"ለጌቶቹ?! ሱብሃነላህ!" የያዝኩትን በቆሎ ወረወርኩት።

ንዴቴ በእንግሊዟ ብቻ አልነበረም። አባታችን፣ አላህ ይርሐመውና፣ የመስኖ መሬት ከነብርቱካኑ ትቶልን ሞተ። ሸሪዓው ከሦስት አንዱ የኔ ነው ይላል። በእኛ አገር ግን እህት ከወንድሟ ድርሻ ብትወስድ ነውር ነው፤ የከፋት ቀን የምትገባበት የወንድም ቤት አይኖራትም። ስለዚህ "ትቼልሃለሁ" ትላለች፤ እኔም ለጁነይድ ብያለሁ። ባሌ ሲሞት እሱ ዘንድ ገባሁ። ኮተኮትኩ፣ ለቀምኩ፣ ጥይት እየጮኸ ቦይ ከፈትኩ። የመስኖ ውሃው ተራ ሲደርስ ግን ስሙ የሚጠራው ጁነይድ ነው!

"ሴትዮዋስ ወርሳ ተቀማች፣ እነዚያም ቆርጠው ተቀሙ" አልኳት ለሔለን። "እኔ ግን ወራሿም እኔ፣ ቆራጯም እኔ!" እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ጁነይድ በሰላም ይመለስ እንጂ ድርሻዬን እጠይቀዋለሁ ብዬ ማልኩ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተና ጁነይድ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ መጣ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው፤ ከሱ ተጣልቼ የት እገባለሁ? ወኔ አጣሁ። ሔለን ወደ ወልድያ ስትሳፈር "ምለሻል እኮ!" ብላኝ ሄደች። ያንኑ ቀን ምሳ አቅርቤለት የሆዴን አፈረጥኩት።

"ጁነይድ፣ ድርሻዬን ስጠኝ። ውሃውም በስሜ ይጠራ።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "እታለም፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሲተኮስ የት ነበር? ቦዩን የከፈትኩት እኔ ነኝ!"

ሳይበላ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታውም ቀዘቀዘ። ወንድሜን በብርቱካን ለወጥኩት ብዬ አነባሁ።

ተራችን ሲደርስ አካፋዬን ይዤ ወረድኩ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሸህ አብዱልሐሊም ቦዩ ራስ ላይ ቆመው ይጣራሉ። ጁነይድ አጠገባቸው ቆሟል፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ጁነይድ ሰይድ!" አሉ። ውሃው ወደሱ ወረደ። ቆየት ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ "ረሂማ ሰይድ!"

በዚያ ቦይ የሴት ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጁነይድ በቀር ማን ያስጠራኛል? እግሬ አልነቃነቅ አለ።

"እታለም፣ ምን ይገትርሻል?" ብሎ ጮኸብኝ ጁነይድ። "ውሃሽ እየሄደ ነው፤ ክፈቺ እንጂ!"