ይቅር የሚባለው ሰው

የባሏ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ልብስ ሰፊዋም ልጆቿም ጭጭ ይሉ ነበር። ሰውየው ርዕሰ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹ በሌለበት «ምስማር» ይሉታል። ልጆቹን በዓይኑ ይገርፋቸዋል፣ ሚስቱን በምላሱ። እናቷ በጠና ታማ «ልጄን አንድ ጊዜ አሳዩኝ» ብላ ስትልክባት፣ ቤቱን ለማን ጥለሽ ነው የምትሄጂው ብሎ ከለከላት። የደረሰችው ለቀብር ነው። ያን ቀን የዋጠችው ነገር ሳይወርድላት አረጀች።

እሱም አረጀ። ጡረታ ከወጣ በኋላ እግሩ ይጎተት፣ ቃል ይጠፋው ጀመር። ሆስፒታል ሲወስዱት ሐኪሟ የአንጎሉን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዛ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን አሳየቻቸው። ዕድሜና ችላ የተባለ የደም ግፊት ቀጫጭኖቹን የደም ስሮች አድርቀው አጥብበዋቸዋል፤ ደም ያልደረሰው ቦታ ይሞታል፣ የሞተው ደግሞ አይመለስም አለች። ጠባዩም ሊለወጥ እንደሚችል አስጠነቀቀች።

ተለወጠም። ሌላውን ሰው እንዲህ ያለው ሕመም ቁጡ ያደርገዋል አሉ፤ ምስማርን ግን ቅቤ አደረገው። ሚስቱ ሾርባ ስታጎርሰው እጇን ይስማል። ድሮ ከአልጋ ስር ትደበቀው የነበረችው ትልቋ ልጁ አሁን ፀጉሩን እያበጠረች ትውላለች።

«እማዬ፣ አሁንስ ይቅር በይው። እይው እስቲ፣ ሕፃን ሆኗል» አለቻት አንድ ቀን።

«ማንን ነው ይቅር የምለው? ያ ሰውዬ እኮ የለም።»

ልጅቷ ከፋት። እናታችን ልበ ደንጋይ ናት ብላ ለወንድሟ ነገረች፤ እሱም ደውሎ እናቱን መከራት። ልብስ ሰፊዋ አዳምጣ ስልኩን ዘጋች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ስትቆልፍለት ፊቱ ኮስተር አለ። «ይሄ ነው መተኮስ የሚባለው?» አለ በዚያው በድሮው ድምፅ።  ከድሮው ፍርሃቷ ጋር ደስታ የሚመስል ነገር መጣባት፤ ያ ሰውዬ ተመልሷል። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የእናቷን መልእክት፣ የተከለከለችውን መንገድ፣ ስትደርስ የጠበቃትን ሬሳ፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ጨረሰች።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። በእጅጌው የእሷን እንባ ከጉንጯ ጠረገላት።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ባሌ።»

«ክፉ ሰው ነው። ምነው ጥለሽው ብትሄጂ?»

 ያን ጥያቄ እሷም ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃ ነበር። ልጅቷ ገብታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታገኛቸው «እሰይ፣ ታረቃችሁ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና የረጠበውን ሱሪውን ልትለውጥለት ተነሳች።

ከወራት በኋላ ሞተ። ለቀስተኛው ስለዚያ ገር ሽማግሌ አውርቶ አልጠግብ አለ፤ ልጅቷም እንባዋ አላቋርጥ አለ። ሚስቱ ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ጨካኝ ናት ተባባሉ። ሰማቻቸው።