ትርፉ ጨርቅ

«እትዬ ወርቄ፣ ጠርዙን ይልቀቁ! ውኃው ይሸከምዎታል!» ብላ ጮኸች አሠልጣኟ እየሩስ።

ወርቄ የገንዳውን ጠርዝ ለቀቀችና ደረቷ ድረስ በሚደርሰው ውኃ ውስጥ እየተራመደች ጉልበቷን ማንሳት ጀመረች። ደረጃ ባየ ቁጥር የሚጮኽባት ጉልበት እዚህ ጭጭ ይላል። ሐኪሙ «ክብደት ይቀንሱ፤ ውኃ ውስጥ ስፖርት ይሥሩ» ያላት ጊዜ ስቃበት ነበር። አሁን ግን መሪ ሰፈር ካለው ገንዳ፣ ከሴቶቹ የስፖርት ሰዓት የሚያስቀራት ነገር የለም።

የከበዳት ምግቡ ነው። ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሚመጣላትን ቅቤ ሁሉ በጣቷ እየቆነጠረች ስትቀምስ ኖራለች። ዛሬ እያሸተተች ብቻ ትለያለች። ምሳዋም ጎመንና ምስር በግማሽ እንጀራ ሆኗል። ደንበኞቿ ታዲያ «ምነው ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?» ማለት አበዙ። የልጃቸው ሠርግ ደርሷልና ይኼ ወሬ ባሏን ፍሥሐን እንቅልፍ ነስቶታል።

ከገንዳው እንደወጣች ከፍሥሐ ጋር ልብስ ሰፊው ቶፊቅ ዘንድ ሄዱ። ለሠርጉ ብላ ክረምት ላይ ያሰፋችው ቀሚስ አሁን ከትከሻዋ እየተንሸራተተ አስቸግሯታል።

ቶፊቅ ግራና ቀኙን በስፒል ያዘው። «ማሻአላህ እትዬ! ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ እተወዋለሁ፤ ተመልሰው ከወፈሩ እፈታልዎታለሁ።»

«እሱማ የግድ ነው» አለ ፍሥሐ። «ገንዳውንም ብትተዪው ይሻላል። ቅቤ ሻጭ እንዲህ ከስታ ማን ከእሷ ይገዛል? ዘመዱ ሁሉ ወይ ከስራለች ወይ ታማለች ነው የሚለው።»

«የታመምኩትማ ያኔ ነበር። ከካራ ገበያ ስመለስ አጥር እየተደገፍኩ የምሄደውን ረሳኸው?»

«ሰው ያንን አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ።»

ወርቄ ወደ መስታወቱ ዞረች። አሁንም ወፍራም ሴት ናት፤ ውፍረቷንም አልጠላችውም። ግን ከገንዳው እስከዚህ ድረስ ሳታርፍ ነው የመጣችው፤ በልጇ ሠርግም ትጨፍራለች። በራሷ ኮራች።

«ቶፊቅ፣ ትርፉን ቁረጠው።»

«ከተቆረጠ እኮ አይመለስም» አለ ቶፊቅ ወደ ፍሥሐ እያየ።

«እሱን አትየው፣ ለባሿ እኔ ነኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ቀይራ መጣችና ቀሚሱን ራሷ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ፍሥሐ በርጩማ ሳበላት። ወርቄ አልተቀመጠችም፤ መቀሱ ከላይ እስከ ታች እስኪወርድ ድረስ ቆማ አየች።