ሳይደርቅ የተደገፈው ሥዕል

ሠዓሊው በሞተ በማግስቱ አጎቱ በቤቱ መሃል ቆመው ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ሁሉ ሰው እየጨፈረብን እንዴት ነው የምናለቅሰው?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። የሠዓሊው ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን ከወለል እስከ ጣሪያ የሚጨፍር ሰው ሞልቶበታል። ሰው ለማለትም ያስቸግራል። ሠዓሊው መጀመሪያ ሰውየውን ከነጣቱ፣ ከነአንገቱ ጥንቅቅ አድርጎ ይሥለውና ከዚያ በቀለም ቢላው ይፍቀዋል፤ ይደልዘዋል፤ እንደገና ይፍቀዋል። በመጨረሻ ፊትም ጫማም አይኖርም። የተወረወረ ክንድ፣ የዞረ ወገብ፣ ወደ ላይ የወጣ ትከሻ ብቻ ይቀራል። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀው ሰው፣ "ሰውየው ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የቀረው ጭፈራው ነው" እያለ ይስቅ ነበር።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ቀን ከየጎረቤቱ የተዋሰችውን ወንበር ስታስገባ አጎቷ መንገድ ላይ አስቆሟት።

"ላውርዳቸው እንዴ? ሰው ምን ይለናል?"

"እንደፈለጉ ያድርጉት ጋሼ" አለች። የገዛ ስሟን ቢጠይቋትም የምታስታውስበት ቀን አልነበረም።

አጎቷ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አውርደው፣ ፊታቸው እንዳይጫር ብለው ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት እያገጣጠሙ ከበሩ ውጭ ካለው ደረጃ ስር ባለችው ዕቃ ቤት ደረደሯቸው። እንዳይወድቁም አሮጌ ፍራሽ ጠቅጥቀው አስደገፏቸው። መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ስር ለብቻው የቆመውን ትልቁን ሸራ ተሸክመው አወጡ። ሲመለሱ ጣቶቻቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ እህትየው አይታቸዋለች። አየች እንጂ ልብ አላለችም።

ያ ትልቁ ሸራ የሠዓሊውና የእህቱ እናት ሥዕል ነበር።

እናትየው እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ከልጇ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው የምትኖረው። ሠዓሊው ሁልጊዜ ማታ ማታ ይደውልላት ነበር። ውጭ ሠዓሊው ይባል እንጂ ቤት ውስጥ ጢሙ ሸብቶም ማሙሽ ነው።

"እማ፣ ዛሬ ወገብሽን ጨረስኩት" ይላታል።

"የትኛውን ወገቤን?"

"የድሮውን ነዋ። ለዚህኛውማ ሸራ አይበቃም።"

"አንተ ባለጌ! እጄስ?"

"እጅሽ ነገ ነው። ዛሬ ደክሞታል።"

እሷም ስልኩን እንደያዘች በሳቅ ትፈርሳለች። ልጅ ሆኖ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታ ስትጨፍር አይቷት ኖሯል። ያን ሊሥል ዕድሜ ልኩን ሲፈራው እንደቆየ ነገራት። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ደውሎ፣ "አልቋል እማ። መድረቅ ብቻ ነው የቀረው። ሲደርቅ በጀርባዬም ቢሆን ተሸክሜሽ አሳይሻለሁ" አላት። ከዚያ በሁለተኛው ቀን አምፖል ሊገዛ ወጥቶ ደረጃው ላይ ልቡ ከዳው።

ስለዚህ እናትየው ለቅሶው ጋብ ሲል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሥዕሌን አሳዩኝ። ከልጄ የቀረኝ እሱ ነው።"

ኤግዚቢሽኑ ላይ ታይዋለሽ አሏት። ሳምንታት አልፈው፣ ሠዓሊው በሕይወቱ ሳለ ቀን ያስቆረጠለት ኤግዚቢሽን ሲደርስ ዕቃ ቤቱን የከፈተው ፍሬም ሠሪው ነው። የሠዓሊው ጓደኛ ነው፤ ቀጭን ስለሆነና ሚስማር ከአፉ ስለማይለይ ሚስማር ይሉታል። ሥዕሎቹን ሁለት ሁለቱን እየለያየ አወጣ። ትልቁ ጋ ደረሰ። ጫፉን ሳብ አደረገው። አልመጣም። ከፊቱ የተደገፈው ሸራ አብሮ ተከተለው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ሳይደርቅ ነው የተደገፈው" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"ማሙሽ ቀለሙን እንደ ቅቤ ነው የሚለጥፈው። ይሄ ገና ሁለት ወር ይፈልግ ነበር። አሁን ሁለቱ ተጣብቀዋል።"

አጎትየው ከኋላ ቆመው ሰሙ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ምን ሊያደርጉበት እንዳወጡት ጠፋቸውና መልሰው ከተቱት።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች እህትየው።

"ብንተወው እንደተጣበቀ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በመጋዝም አይለያይም። ብንስበው ይላጣል። ምን ልበልሽ?"

"ቀስ ብለህ ብትስበውስ?"

"ቀስ ብዬ ነው የምስበው። ቀስ ብሎም ይላጣል።"

እህትየው ቤት ሆና የምትጠብቀውን እናቷን አሰበች። ተጣብቆ ይቅር ብትል እናቷ ሁለት የሸራ ጀርባ ልታይ ነው። ይሳብ ብትል ደግሞ በገዛ አፏ ልታስልጠው ነው። ቆርጣ ያበላሸችው ልብስ ብዙ ነው፤ ለልብስ ግን ጣቃው አለ። እዚህ ምንም የለም። ሚስማር ጠርዙን እንደያዘ ይጠብቃታል።

"ሳበው" አለች።

ሚስማር በአንድ እጁ ስስ ቢላ እያሾለከ በሌላው ሳበው። ፕላስተር ከቁስል ላይ ሲነሳ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ ግን ረጅም፣ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን አቆማቸው።

እናትየው ሁለት ቦታ ተከፍላለች። የወገቧ ግማሽ ድሮ በተሣለው ቀይ ጨፋሪ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ከቀዩ ጨፋሪም ትከሻው ተቦጭቆ ወደ እሷ ሸራ መጥቷል። ወደ ላይ የተነሳው እጅ የቱ ጋ እንደነበረ አይታወቅም፤ እዚያ ቦታ ባዶ ሸራ ብቻ ይታያል።

አጎትየው ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሱ አዩ።

"እኔ ... እኔ እንደሆነ ብዙም ልዩነቱ አይታየኝም" አሉ። ማጽናናታቸው ነበር። መሐረባቸውን ግን እንደገና አውጥተው ነበር።

እህትየው ልትናገራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ አሳዘኗትና ተወችው።

የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ኃላፊ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ሥዕሎቹ ሲራገፉ አንድ በአንድ እያየች መጥታ ትልቁ ጋ ቆመች።

"ይሄ መሃል ላይ ይሰቀል" አለች።

"እሱ እኮ ተበላሽቶ ነው" አለች እህትየው። "ተጣብቆ ተላጦ ነው እንጂ እንደዚህ አልነበረም።"

"እንዴት ነበር?"

እህትየው ልትመልስ ቃጣች። ሥዕሉ ባለቀ በማግስቱ ምሳ ልታደርስለት ሄዳ ከበሩ ላይ አይታዋለች። ወንድሟ፣ "ምን ይታይሻል?" ሲላት፣ "ቀለም" ብላ አሹፋበት፣ ሁለቱም ስቀው፣ ወደ ሱቋ ተጣድፋ ተመለሰች። አሁን ያንን ለማየት ዓይኗን ብትጨፍን የሚመጣባት የተላጠው ነው። የተነሳው እጅ ወደ ግራ ነበር? ወደ ቀኝ?

"እንደዚህ አልነበረም" ብላ ደገመችው።

"እሱስ ሲሠራ ይፍቅ አልነበር እንዴ?" አለች ኃላፊዋ በለሰለሰ ድምፅ። "የኔ እህት፣ ሐዘን ላይ ስለሆንሽ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።"

ሥዕሉ መሃል ላይ ተሰቀለ። በመክፈቻው ቀን ሰው ሁሉ እፊቱ ይቆማል። አንዱ ወጣት ለጓደኛው፣ "እዚህ ጋ ባዶውን እንዴት እንደተወው አየሽ? ድፍረቱ!" ይላል። እህትየው ከኋላቸው ቆማ ትሰማለች። ለማን ትናገር? ብትናገርስ ምን ብላ?

እናትየው በተሽከርካሪ ወንበሯ ስትገባ ሰው ገለል ብሎ መንገድ ሰጣት። ሚስማር ከሩቅ አይቷት ወደ ውጭ ወጣ፤ ሥዕሉ መላጡን ማንም አልነገራትም። እሷም እሥዕሉ ፊት ደርሳ መነጽሯን አስተካከለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየችው።

"እኔ የታለሁ?" አለች።

"ይኸው፣ ይቺ አረንጓዴዋ" አሉ አጎትየው ፈጠን ብለው።

"እኔስ ይቺኛዋ ናት ብዬ ነበር፣ ወርቃማዋ" አለች ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ።

እናትየው ሁለቱንም አላየቻቸውም። ወደ ኋላ ዞራ ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

"አንቺ ንገሪኝ። አንቺ ከእጁ ሳይወጣ አይተሽዋል። እጄ የቱ ጋ ነው?"

እህትየው እጇን አነሳች። አንዱን ቦታ ብታሳያት እናቷ እንደምታምናት ታውቃለች። ጣቷ ግን አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ወንበሩ እጀታ ተመለሰ።

"አላውቅም እማ" አለች።

እናትየው አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ወደ ሥዕሉ ተመልሳ መፈለጓን ቀጠለች። ሰው እያነሰ ሄደ፤ አጎትየው ኮታቸውን ለበሱ፤ ጥበቃው ከዳር ጀምሮ መብራት ማጥፋት ያዘ።

"እንሂድ እማ?"

"ቆይ፣ እዚህ ታች ያለውን ገና አላየሁትም" አለች።

እህትየው እጀታውን እንደጨበጠች ቆመች። ትግፋ ወይስ ትጠብቅ፣ አላወቀችም።