አምስቱ የጭቃ ቃኚዎች

የፈሩት ይደርሳል። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸክላ እየሠራሁ ስኖር፣ «ቡዳ ናት» ብሎ ደጄን የማይረግጥ ጎረቤት ሁሉ፣ በማለዳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከነፍስ አባቴ ከቄስ ሐብተ ማርያም ኋላ ቆሟል። እንዲህ ተሰብስበው የሚመጡት ለመርዶ ነው። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ይታየው።

መሐላቸው ክራንች የያዘ ወጣት አለ። አይቼው ባላውቅም ለየሁት። ይታየው ከሁለት ዓመት በፊት ለፈቃድ ሲመጣ፣ ከጭቃዬ ቆንጥሮ አብረውት የሚቃኙትን ወታደሮች ሠርቷቸው ነበር። ከራሱ ጋር አምስት ናቸው፤ ቁመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። «እማዬ፣ እኛ ከጦሩ ቀድመን ጠላት ያለበትን አይተን የምንመለስ ነን» አለኝ። ክንዱ የሚባለውን ጆሮ ትልቅ ጓደኛውን ሲሠራ በሳቅ ፍርስ ብሎ ነበር። ይኸው ጆሮው።

ቄሱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኋቸው። ቃሉ እስካልወጣ ድረስ ልጄ አልሞተም። አምስቱን መደቡ ላይ ደረደርሁና፣ «አንተ ክንዱ፣ እስቲ የእነዚህን ንገረኝ። የፊተኛውስ?» አልሁት።

ክንዱ የፊተኛውን አንስቶ አጋደመው። «ማሩ ነው። ዛሪማ ሳንደርስ ወደቀ።»

«መነጽር የያዘውስ?»

«እሱም እዚያው።»

ሬዲዮ ያዘለውንም አጋደመ። የራሱን ዘለለው። እኔ በልቤ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እለዋለሁ። በጉልበቱ የተንበረከከው፣ የእኔው ይታየው፣ ብቻ ቀረ።

«አጋድመው እንጂ ልጄ» አሉ ቄሱ።

ክንዱ አነሳው፤ መልሶ አስቀመጠው። «አልችልም አባቴ። ስለየው በሕይወት ነበር።»

«ታዲያ ምነው መርዶ ይዛችሁ መጣችሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ሁለታችንም ቆስለን ነበር፣ እማማ። ልሸከመው አልቻልሁም። ሰዎች በሦስተኛው ቀን ቢሄዱ እሱም የለ፣ ሬሳውም የለ። እኔ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ነበርሁ።»

«ፍትሐት ይደረግለት፤ አንቺም አልቅሰሽ ይውጣልሽ» አሉ ቄሱ።

አልሰማኋቸውም። «ስትለየው ምን አለህ?» አልሁት ክንዱን።

አቀረቀረ። «ውሃ አለኝ። ኮዳዬ ባዶ ነበር።»

ዙሪያዬን አየሁ። ቤቴ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንስራ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ውሃ የሚቀዳው በእኔ እንስራ ነው። ተነሳሁና አንዱን እስካፉ ሞልቼ አዘልሁት። ሴቶቹ ቀሚሴን ይዘው ሊያስቀምጡኝ ታገሉ፤ ውሃው ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ።

«ና፣ መንገዱን ምራኝ» አልሁት።

ክንዱ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ፣ «እማማ፣ እኮ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው» አለኝ።

«ታዲያማ ምን ያህል ጠምቶታል!» አልሁት።